ያልበደለ ወተት

ባለፈው ማክሰኞ ከሰሜን ማዘጋጃ ወደ አዲሱ ገበያ በምትወጣ ሚኒባስ ውስጥ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ እግር ሴት ነጠላዋን ከፍ አድርጋ ልጇን ማጥባት ስትጀምር ያ ሽታ መጣብኝ። የጡት ወተት ሽታ ነው የምላችሁ። ልብስ ላይ ፈስሶ የደረቀ፣ ትንሽ የሚጣፍጥ፣ ትንሽ የሚኮመጥጥ፣ ልጅ አቅፎ የማያውቅ ሰው ልብ የማይለው ሽታ። ረዳቱ "እማዬ፣ ሂሳብ" ቢለኝ አልሰማሁትም። ደግሞ ጠራኝ። በሦስተኛው ትከሻዬን ነካ አድርጎ "እማዬ፣ ተኙ እንዴ?" አለኝ። "አልተኛሁም ልጄ፣ ሩቅ ሄጄ ነው" አልኩት። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅ ብዬ ከፈልኩ፤ መውረጃዬን ግን አልፌው ኖሮ መጨረሻው ላይ ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፣ ቀስ እያልኩ ነው የምሄደው። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ደግሞ ብዙ ያስባል፤ ስንት ዓመት ያልነካካሁትን ነገር ሁሉ ስነካካ ቤቴ ደረስኩ።

ያን ጊዜ የምንሳፈርባት ታክሲ "ውይይት" ትባል ነበር። ከኋላ በኩል በሁለት አግዳሚ ፊት ለፊት ተፋጥጠን፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ስለምንሄድ ነው ስሙ የወጣላት። ዋጋዋ ስሙኒ። አውቶቡስ ከዚያ ይረክሳል፣ ግን አውቶቡስ ጠብቆ ሥራ የሚደርስ ሰው ሥራውን የማይወድ ሰው ነው። ዳቦ በአሥር ሳንቲም ነበር፣ ከተገኘ። ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በራሽን፤ ካርዱን ቤት ረስቶ የተሰለፈ ሰው ሰልፉን ሁሉ ያስቅ ነበር። ወንዱ ቦላሌ ሱሪውን ሳጥን ውስጥ ከቶ ካኪ ለበሰ። ያን ካኪ ከሚሰፉት አንዷ እኔ ነበርኩ። ድልበር አካባቢ በነበረው የልብስ ስፌት ኅብረት ሥራ ማኅበር አሥራ አራት ሴቶች በአንድ አዳራሽ ውስጥ የእግር መኪና እንረግጣለን። ሬዲዮኑ ማርሽ ሲያሰማ እግራችን ከማርሹ ጋር ይፈጥናል፤ የፍቅር ዘፈን ሲመጣ መኪናው ሁሉ ይዘገያል። ኃላፊያችን ይህን ስለነቃበት ዘፈን ሊጀምር ሲል ብድግ ብሎ ይዘጋው ነበር። እኛም እሱ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ራሳችን እንዘፍናለን።

የምኖረው ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት ክፍል ነበር። አሁን የእጽዋት ማዕከል ተብሎ ሰው ሊዝናናበት የሚመጣው ዳገት ያን ጊዜ ባህር ዛፍ ብቻ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ በበሩ ስር ገብቶ እግር ይነክሳል። ግቢው ድሮ የእማማ ተዋበች ነበር። ትርፍ ቤት የመንግሥት ይሁን ተብሎ ከታወጀ በኋላ የቀበሌ ሆነ፣ እሳቸው አንዷ ቤት ቀረችላቸው። ኪራዩን ለቀበሌ እንከፍላለን፤ ትእዛዙን ግን ከእማማ ተዋበች እንቀበላለን። ሰባት ልጆች ወልደው ያሳደጉ፣ በቁጣቸውም በልግስናቸውም ሰው የሚያስጨንቁ ሴት ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ባለቤቴ ግርማ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። የአምስት ወር እርጉዝ ሆኜ መንግሥት መኪናውን ከነሹፌሩ ወስዶ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ላከው። ሁለት ደብዳቤ መጣ። ሦስተኛውን እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል፤ ሳቁ። ሰው ሞቷል ካልተባለና ሬሳ ካልታየ ልብ ተስፋ አይቆርጥም።

ሶስናን የወለድኳት እንዲህ ባለ ብቸኝነት ውስጥ ነው። በሰማንያ ቀኗ እንጦጦ ማርያም ወጥተን ክርስትና ተነሳች። ደህና ነበረች፤ ወፍራም፣ የምትስቅ፣ ያየ ሁሉ ጉንጯን የሚነካት። ከክርስትናው በኋላ ባለው ሳምንት ግን ነገር መጣ። ጡት ትይዝና ሁለት ሦስቴ ስባ ትለቃለች። ትጮኻለች። በዚያ ብርድ ግንባሯ በላብ ይጠመቃል፣ ጸጉሯ ራሷ ላይ ይለጠፋል፣ ፊቷ አመድ ይመስላል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል። ማልቀሱም ያቅታትና ዝም ትላለች። ታንቀላፋለች፣ ርቧት ትነቃለች፣ ትይዛለች፣ ደግሞ ትጮኻለች። እየቆየ ጡቴን ሳወጣ ገና ፊቷን ማዞር ጀመረች። ከኔ የሸሸች ነበር የሚመስለኝ፤ ያን ጊዜ የተሰማኝን ብቸኝነት ግርማ ሲሄድም አልተሰማኝም።

እማማ ተዋበች መጥተው አዩ። "ጡትሽን ምች መትቶታል" አሉኝ።

"ምን ፀሐይ አይቼ እማማ? ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ነኝ እኮ።"

"እንግዲያው ዓይን ነው። በክርስትናው ቀን ያንን ሁሉ ሰው ፊት ጡትሽን ስታወጪ አይቼሻለሁ።" ማንኪያ አምጪ አሉኝ። ማንኪያው ላይ አለብኩላቸው። ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ። "መራራ ነው። ልጅቷ እውነቷን ነው" አሉ። እኔም ቀመስኩት። ለኔ ጣፈጠኝ። ግን እኔ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ እሳቸው ሰባት ያሳደጉ፤ የማንን ምላስ ልመን? የራሴን ተውኩት። ዕድሜ ልኬን ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የሚቆጨኝ እሱ ነው፤ ምላሴ የነገረኝን አለማመኔ። ዳማ ከሴ ጨምቀው ቀቡኝ፣ አልሆነም። ከዚያ ወተቱ ይድረቅ ተባለ። በመቀነት ደረቴን ጥፍር አድርገው አሰሩኝ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ሕመም አላውቅም። ሥራ ቦታ መኪና ስረግጥ መቀነቱ ስር ይፈሳል፣ ሸሚዜ ይረጥባል፣ ካኪው ላይ እንዳይንጠባጠብ ጨርቅ እጎዘጉዛለሁ። ማክሰኞ የሸተተኝ እሱ ነው።

ታዲያ ልጅቷ ምን ትብላ? የዱቄት ወተት ያን ጊዜ በዘመድ ነው የሚገኘው። ከግቢያችን ጥግ ላይ ሱቅ የነበረው ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ ሚስቱ ዘይነባ ስምንት ወር የሆነው ጀማል የሚባል ልጅ ታጠባ ነበር። ሻማና ክብሪት ልገዛ ገብቼ ሶስና በጀርባዬ ስታቃስት ሰማቻት። "አምጪያት" አለችኝ። ደግሞ ቆም አለችና ወደ ባሏ ዞራ "ሰይድ፣ ላጥባት?" ብላ ጠየቀችው። እኔ ፈቃድ መጠየቋ ገርሞኝ ቆሜያለሁ። ሰይድ ሚዛኑን አስቀመጠና "አጥቢያት። ግን አስካለ ትወቀው፣ በኛ ሃይማኖት አምስት ጊዜ የጠባ ልጅ ልጅ ነው። ከጀማል ጋር እህትና ወንድም ይሆናሉ፣ መጋባት አይችሉም። እኔም የጡት አባቷ ነኝ" አለ። "ከየት መጥተው ነው የሚጋቡት፣ ገና ጥርስ ሳያበቅሉ" ብዬ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። እማማ ተዋበች ሲሰሙ ደግሞ ሌላ ጉድ ሆነ። "የክርስቲያን ልጅ!" ብለው አማተቡ። ግን በየቀኑ በሱቁ በር በኩል አንገታቸውን አስግገው ልጅቷ መጥባቷን ያያሉ።

ዘይነባ አምስት ቀን አጠባቻት። በአምስተኛው ቀን ሶስናን አቅፋ ቤቴ መጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል። "አስኩ፣ ተቀመጪ" አለችኝ። "ወተትሽ ምንም የለበትም። እኔም ጋ ያው ነው፤ ሁለት ሦስቴ ስባ ትጮኻለች፣ በላብ ትታጠባለች። ይቺ ልጅ ጡት አይደለም የጠላችው። ስትጠባ ይደክማታል። እንጨት ተሸክማ ከእንጦጦ እንደምትወርድ ሴት ነው የምትተነፍሰው። እኔ ይቺን ልጅ ለመግደል አላጠባም፤ ነገ ሐኪም ጋ ይዘናት እንሄዳለን።" እማማ ተዋበች "እንጥሏ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥላት፤ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ" ሲሉ ዘይነባ ልጄን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። "ምላጭ የሚያስነካት በኔ ላይ አልፎ ነው" አለች። ቀጭን ሴት ናት፣ ንፋስ የሚወስዳት። ግን ማንም አላለፋትም።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ውጭ ተምሮ የመጣ፤ ቴትሮን ሸሚዙ ክርኑ ላይ ተጥፏል። መጣፊያውን የሰለጠነ እጅ እንዳልሠራው አይቼ በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳን ላስተካክልለት አማረኝ። ደረቷ ላይ ሽቦ አስለጥፎ የልቧን ምት በወረቀት አወጣ። ወረቀቱን ደጋግሞ አየው። "እንዲህ ያለ ወረቀት ያየሁት ልባቸውን የታመሙ ሽማግሌዎች ላይ ነው" አለ። ከዚያ ወንበሩን ወደኔ ሳብ አድርጎ እንደ እህቱ ነገረኝ። "ልብ ለሰውነት ሁሉ ደም ትረጫለች አይደል? ለራሷም ደግሞ የምትበላው ያስፈልጋታል። የሷን ምግብ የሚያደርሱ ሁለት ቀጫጭን ደም ስሮች አሉ። የልጅሽ አንደኛው ሲፈጠር ቦታውን ስቷል። ንጹሑ ደም ከሚያልፍበት ቧንቧ መብቀል ሲገባው፣ ገና ያልጠራው ደም ወደ ሳንባ ከሚሄድበት ነው የበቀለው። ስለዚህ ልቧ ይራባታል። ስትተኛ ትችለዋለች። ለሕፃን ግን ከመጥባት የሚከብድ ሥራ የለም፤ ስትጠባ ልቧ የምትበላው ታጣለች፣ ያኔ ያማታል።"

"ወተቴስ?" አልኩት። ሌላ የምጠይቀው ስንት ነገር እያለ።

"ወተትሽ ምን አደረገ?"

"መራራ ነው ብለው..." ብዬ መቀነቱን አሳየሁት።

ፊቱ ተለወጠ። "እህቴ፣ ወተትሽ ምንም አልበደለም" አለኝ። ዘይነባ ክንዴን ያዘችኝ። መድኃኒት አለው ወይ ብትለው፣ የሚያቆያት ጠብታ አለ፣ የሚያድናት ግን ቀዶ ሕክምና ነው አለ። ያንን ደም ስር ነቅሎ በቦታው መትከል። እኛ አገር አይሠራም። ካልሄደችስ አልኩት። ወረቀቱን አጣጥፎ "ዓመቷን ማየቷን እጠራጠራለሁ" አለ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ መቀነቱን ፈትቼ ጡቴን ሰጠኋት። ይዛ ሳበች። ምንም አልነበረም። ደርቋል።

ከዚያ የወረቀት ዘመን መጣ። ዛሬ ልጆች ስልካቸውን በጣት ነካ አድርገው ነገር ሲጨርሱ ሳይ፣ ያኔ ያለቀው የጫማዬ ሶል ትዝ ይለኛል። ኮንጎ ጫማ ነበር፣ ፕላስቲኩ፤ ዝናብ ሲሆን ውስጡ እንደ ጭቃ ቤት ይሆናል። የሐኪሞች ቦርድ ፊት ቀረብን፤ ቦርዱ ፈቀደ። በሐኪሙ ሩጫ፣ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገሮች በአንዱ፣ ስሟ አፌ ላይ በማይያዝልኝ ከተማ የሚገኝ ሆስፒታል ልጅቷን በነፃ እቀበላለሁ ብሎ ጻፈ። በማንኪያ ጫፍ ጫፍ እያጠጣሁ፣ ጠብታዋን እየቆጠርኩ ያዝኳት። በስንት ልመና የሚገኘውን የዱቄት ወተት ሰይድ ከየት እንደሚያመጣው አልጠየቅኩትም። አትወፍርም፣ አትቀንስም። ስምንተኛ ወሯ ሊገባ ሲል የቀረው መውጫ ፈቃድ ብቻ ሆነ፤ ለእሱ ደግሞ መጀመሪያ የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ክፉ ሰው አልነበረም፣ ፈሪ ነበር እንጂ። ፈሪ ደግሞ ይብሳል። "ጓዲት አስካለ፣ ባለቤትሽ የት ነው?" አለኝ።

"እኔም እሱን ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት ጓድ ሊቀመንበር። መኪናውን የወሰዳችሁት እናንተ፣ ወዴት እንደላካችሁት የምታውቁት እናንተ።"

ይህች ምላሴ የጠቀመችኝ ቀን የለም። ቀና ብሎ አየኝና "አንቺ አትወጪም" አለ። ባሏ የት እንዳለ የማይታወቅ ሴት አገር ለቃ ልትሄድ አትችልም፤ ያ ሰው ወደ ማዶ፣ ወደ ወንበዴዎቹ ተሻግሮ ቢሆንስ? ሕፃኗ ትሂድ። ግን ለመመለሷ ዋስ ያስፈልጋል፤ ንግድ ፈቃድ ወይም ቤት ያለው፣ ቤተ ዘመድ የሆነ። በማንኪያ ወተት የምትጠጣ ልጅ ኮብልላ እንዳትቀር መንግሥት ሰጋ ማለት ነው። የኔ ዘመዶች ከደብረ ብርሃን ወዲያ ገብስ የሚያርሱ ናቸው። የግርማ ዘመዶች ስሙ ሲነሳ በር መዝጋት ጀምረዋል። ከቀበሌው ወጥቼ አዲሱ ገበያ መሐል ቆምኩ። ሽንኩርት ሻጩ ይጮኻል፣ ከሙዚቃ ቤቱ ዘፈን ይወጣል፣ ሰው ሁሉ የሚሄድበት አለው። እኔ ወዴት ዞሬ እንደምሄድ ጠፋኝ።

ሰይድ ነው በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ቀበሌ የሄደው። በሥራ ቀን ሱቅ መዝጋት ያን ጊዜ ያስጠይቃል። እኔና ዘይነባ ተከተልነው፤ እማማ ተዋበች ማንም ሳይጠራቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ መጡ። "እኔ ዋስ ነኝ" አለ ሰይድ፣ ንግድ ፈቃዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ።

"አንተ ምኗ ነህ?"

"የጡት አባቷ።"

ሊቀመንበሩ ብዕሩን አስቀመጠ። "እንዲህ የሚባል ዝምድና መመሪያው ላይ የለም።"

"መመሪያው ላይ ላይኖር ይችላል ጓድ ሊቀመንበር፣ ቁርአናችን ላይ ግን አለ። ሚስቴ አምስት ቀን አጥብታታለች። ወንድ ልጄ አድጎ ቢወዳት ሊያገባት አይችልም። ልጄን የከለከልኩላትን ልጅ ዘመዴ አይደለችም ካሉኝ፣ እንግዲህ ዘመድ ማለት ምን እንደሆነ ይንገሩኝ።"

"ምስክር አለህ?"

እማማ ተዋበች ወደፊት ወጡ። "እኔ አይቻለሁ" አሉ። "አልወደድኩትም። አሁንም አልወደድኩትም። ግን በእነዚህ ዓይኖቼ፣ አምስት ቀን፣ ጠዋትና ማታ ስትጠባ አይቻለሁ። እመቤቴን!" የእኔን ወተት መራራ ያሉት ሴት፣ ልጄን ጡት ያስጣሉብኝ ሴት፣ እዚያ ቆመው ማሉልኝ። ጡቴን ባላስጣሉኝ ዘይነባ አታጠባትም ነበር፤ ዘይነባ ባታጠባት ዋስ አላገኝም ነበር። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይላሉ። እኔ እንጃ፤ ድግሱን ብቀበልም ጠቡን አልረሳሁለትም። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ እፍ እፍ ብሎ መታ።

የምትወስዳት ሲስተር ንግሥት የምትባል ነርስ ነበረች፤ እዚያው ከተማ ለትምህርት የምትሄድ፣ ጸጥ ያለች፣ እጇ ሙቅ የሆነ። ፋኔላ ጨርቅ ለምኜ ሦስት ልብስ ሰፋሁላት። የማኅበሩ ሴቶች መኪናቸውን አቁመው ቁልፍ ተከሉልኝ። ቦሌ ስንደርስ ሶስና ተኝታ ነበር፤ ተኝታ ባትሆን አልሰጣትም ነበር። ስሰጣት ሲስተር ንግሥት "ምን ሲደረግላት ትወዳለች?" አለችኝ። የምትወደውን ነገር ሁሉ ለመናገር አፌን ከፈትኩና ከድካም በቀር ምንም እንደማላውቅላት ገባኝ። "ጆሮዋን ከኋላ ስትነኪያት ዝም ትላለች" አልኩ። ሄዱ። ወደ ጉለሌ ስመለስ በውይይት አግዳሚው ላይ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሰዎች ባዶ ክንዴን ያዩ ይመስለኝ ነበር። አጣጥፌው ነበር፣ ልጅ እንዳቀፈ ሰው፤ ስወርድም አልተፈታልኝም።

ደብዳቤው ከሁለት ወር በኋላ መጣ። የሲስተር ንግሥት ጽሑፍ ጥንቅቅ ያለ ነው። ደረቷን ከፈቱት ትላለች። ልቧን ለጥቂት ጊዜ አቁመው አንድ መኪና ልብ ሆነላት። ያንን እንደ ስንደዶ የቀጠነ ደም ስር ካለቦታው ቆርጠው አነሱት፤ ወደ ዋናው ቧንቧ አምጥተው በዓይን በማይታይ ክር ዙሪያውን ሰፉት። ልቧ እንደገና ስትነሳ ለብዙ ቀን ደካማ ነበረች፤ አሁን ግን የተራበው ጎኗ መሥራት ጀምሯል፤ እስኪጠነክር እዚህ ትቆይ ይላሉ፣ እኔ ትምህርቴን ስጨርስ አመጣታለሁ። "ሰፉት" የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። እኔ ሰፊ ነኝ። ምሳ ሰዓት ሴቶቹ ሲወጡ ቀርቼ ቀጭን ብጣሽ ጠቅልዬ ስንደዶ የሚያህል ቱቦ ሠራሁና፣ በሌላ ጨርቅ ላይ በእጅ መርፌ ዙሪያውን ልሰፋው ሞከርኩ። ሳይጨማደድ፣ ቀዳዳው ሳይጠብ። ሦስት ጊዜ ተበላሸብኝ። አራተኛው ላይ ጣቴን ወጋሁት። ጨርቅ ደግሞ አይመታም፣ አይደማም። እዚያ የማላውቃቸው ሰዎች፣ በማልሰማው ቋንቋ እየተነጋገሩ፣ ይህን በልጄ ልብ ላይ እንደሠሩት ሳስብ ጭንቅላቴን መኪናው ላይ ደፍቼ አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ያን ቀን አልገደደኝም።

ሶስና ዛሬ ትልቅ ሰው ናት። አያት ሰፈር ትኖራለች፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ ሁለቱንም እስኪጠግቡ አጥብታለች። በበዓል በበዓል ትመጣለች፣ ስኳርና ዘይት ይዛ። ዘይነባ ከማለፏ በፊት በኢድ ቀን መጀመሪያ እሷ ጋ ገብታ ነበር ወደኔ የምትሻገረው፤ ጀማልን አሁንም ወንድሜ ነው የምትለው። ደግ ልጅ ናት፣ አንድም ቀን አላስከፋችኝም። ብቻ እስከ ዛሬ "እርስዎ" ትለኛለች። የጎረቤት ልጆች እናታቸውን "አንቺ" ሲሉ እየሰማች አድጋለች፣ እኔም ብዙ ጊዜ ተይው ብያታለሁ፤ አልሆነላትም። ሰው እንግዳ ሆኖ የገባበትን ቤት ሁሌም በር አንኳኩቶ ነው የሚገባው።

ከቦሌ በሸኘኋቸው በአንድ ዓመት ከአራት ወር ነበር የመጡት። ቦሌ የሄድነው አራታችን ነን፤ እኔ፣ ዘይነባ፣ ሰይድ፣ እማማ ተዋበች። ሲስተር ንግሥት ስትወጣ እጇን ይዛ የምትራመድ፣ ቀይ ሹራብ የለበሰች፣ ጉንጫም ልጅ አየሁ። የሌላ ሰው ልጅ መሰለችኝ። ተንበርክኬ ክንዴን ዘረጋሁ። አየችኝ፤ ቀሚሴን አየች፣ ሻሼን አየች። ከዚያ ሮጣ ሲስተር ንግሥት እግር መሐል ገባች። "እናትሽ ናቸው፣ ሂጂ" ትላታለች ሲስተር፣ እሷም እያለቀሰች። ልጅቷ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ሰይድ ዞር አለ። እማማ ተዋበች "ትለምዳለች" አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ሲስተር ንግሥት ቤቴ ድረስ አብራን መጣች፤ ልጅቷ ዓይኗን ጨፈን ስታደርግ ሹክክ ብላ ወጣች። ሶስና ስትነቃ ክፍሏን ዞራ አየች። እኔን አየች። ከዚያ አፏን ከፍታ ጮኸች። ስሄድላት ገፋችኝ፣ በትንሽ እጇ ደረቴን መታችኝ፤ ከአንገቷ ዝቅ ብሎ የጀመረው ቀጥ ያለ ጠባሳ በሹራቧ አንገት በኩል ይታያል፣ ስፌቱ ያለ እንከን ነው። የሲስተርን ስም እየጠራች አለቀሰች። ጆሮዋን ከኋላ ነካኋት፤ እጄን አሽቀነጠረችው። ዘይነባ በር ላይ መጥታ "ልግባ?" አለችኝ፤ "ተያት፣ ታልቅስ" አልኳት። ጠዋት አለቀሰች፣ ቀን አለቀሰች፣ በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን። እኔ ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀምጬ አያታለሁ። እኔን አትፈልግም። ግን ያቺ ሁለቴ ስትጮህ ትንፋሿ ያልቅባት የነበረች ልጄ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በሙሉ ድምጿ አለቀሰች፤ ግንባሯ ደረቅ ነበር፣ ከንፈሯም ቀይ ነበር።